ክብርት ወይዘሮ ዶሲንዳ በስህተት የጠሯት ሟች

ቤተ ክርስቲያን የሌለው መንደር ይኖር ይሆናል፤ ሐኪም የሌለውማ ሞልቷል። «ለእኔ ተዪው» የምትል ሴት የሌለችበት መንደር ግን እስካሁን አላየሁም። የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ዶሲንዳ ናቸው።

ጣራዬ ሲያፈስ «ለእኔ ተዪው» ብለው የአጎታቸውን ልጅ አመጡልኝ። የአጎታቸው ልጅ ዓሣ አጥማጅ ነው። ቀዳዳውን በጀልባ ቅጥራን ደፈነው። አሁን አያፈስም፤ ፀሐይ የወጣ ቀን ግን ቤቴ ወደብ ወደብ ይሸታል። ሐኪሙ የደም ግፊቴን ሲለካ መጋረጃውን ገልጠው ገቡና «ክንዷን እንዲህ አይደለም የሚያስሩት» አሉት። ሐኪሙ አመሰገናቸው። ሰው ሁሉ ያመሰግናቸዋል፤ ካላመሰገኗቸው አይሄዱማ። በእናቴ ቀብር ቀን ደግሞ ሬሳ ተሸካሚዎቹን በቁመታቸው ካሰለፉ በኋላ ወደ ቄሱ ዞር ብለው «ዛሬ አጠር ይበል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው» ሲሉ ሰምቼ ለቅሶዬን አቋረጥኩ። ዝናቡ መጣ። የሚያበሳጨውም ይኸው ነው።

እናቴ ሼኔሮሳ ዕድሜዋን ሙሉ «ዘንድሮስ ቴይሺዶ ሄጄ ቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያንን እሳለማለሁ» ስትል ኖረች፤ ሳትሄድ ሞተች። በአገራችን ደግሞ በሕይወቱ ያልሄደ ሰው ከሞተ በኋላ መሄዱ አይቀርለትም፤ እንሽላሊት ወይ እንቁራሪት ወይ ጥንዚዛ ሆኖ፣ ያን ሁሉ የባሕር ዳር መንገድ በሆዱ እየተሳበ። እናቴን በሆዷ ስትሳብ እያሰብኩ ብዙ ሌሊት ሳልተኛ አድሬአለሁ። ጉልበቷ በሕይወቷም አይታጠፍላትም ነበር።

እንዲህ እንዳትሆን ልጇ ይወስዳታል። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን መቃብሯ ሄዶ ድንጋዩን ያንኳኳል፣ «ተነሺ፣ ነገ እንሄዳለን» ይላታል። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ እያዋሩ መሄድ ነው፤ ዝም ካሏት መንገድ ይጠፋባታል። እኔ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ነኝ። ለጉዞው ፈቃድ ለምኜ ያገኘሁት በመከራ ነው፤ የማንኳኳቱን ቀን ግን አለቃዬ ከለከለችኝ።

«ለእኔ ተዪው» አሉ ወይዘሮ ዶሲንዳ። «እኔ አንኳኳላታለሁ። ደግሞ ብቻሽን አትሄጂም፣ አብሬሽ እመጣለሁ።»

ተውኩላቸው።

የጉዞው መነሻ ከሆነው ከሹቢያ ገዳም በጭጋግ ተነሣን። ወይዘሮ ዶሲንዳ ዳሌያቸውን ያማቸዋል፤ ይህም ሆኖ የሚታጠፍ ወንበር ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ምርኩዛቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ እያወዛወዙ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። መንገዱ ላይ አንዲት እንሽላሊት ቢያዩ ከኋላችን የሚመጣውን ብስክሌተኛ ምርኩዛቸውን ደረቱ ላይ ደግነው አስቆሙት። ሰውዬው የውጭ አገር ሰው ነበር።

«ቀስ በል፣ ልጄ። የሰው ነፍስ ትሆናለች። የማን እናት እንደሆነች ምን ታውቃለህ?»

አንድ ቃል አልገባውም። ግን ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ፣ በእግሩ ጫፍ እየረገጠ አለፈ። ቆሜ አየሁት።

እኔ ወሬ አልችልም። ከእናቴ ጋር ድንች ስንልጥ እንኳ ዝም ብለን ነበር የምንልጠው። በዚያ ላይ የጭነት መኪኖች በአጠገቤ እያለፉ ከአየር ጋር ማውራት አሳፈረኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ጭቃ አለ» አልኩ።

«ጮክ በይ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ዶሲንዳ። «ሰው ሲሞት ጆሮው የሚሻለው መሰለሽ?»

ጮክ አልኩ። አንድ ዳገት ላይ ወሬ ሲያልቅብኝ፣ ደስ ይላት እንደሆነ ብዬ የጠላቷን የኦብዱሊያን ወሬ ነገርኳት። ኦብዱሊያ ጎረቤታችን ነበረች። ከእናቴ ጋር በልብስ ማጠቢያው ገንዳ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ድንጋይ የተነሣ ተጣልተው እስኪሞቱ ሰላም አልተባባሉም። «ልጆቿ ቤቷን ሸጡት፣ እማዬ። የገዛው ሰው ወጥ ቤቷን አይቶ ‹ይሄ የአሳማ ጋጣ ነው?› ብሎ ጠየቀ አሉ።» እናቴ ብትኖር ኖሮ በዚህ ብቻ ሁለት ዓመት ትኖር ነበር። ቀለል አለኝ።

ከባሕር ዛፎቹ ሥር ለምሳ ተቀመጥን። እኔ ድንጋይ ላይ፣ ክብርትነታቸው ወንበራቸው ላይ። ዓሣ የተሞላውን ቂጣ ቆርሼ ስሰጣቸው፣ እንዲያው ለወሬ ያህል ጠየቅኳቸው፦

«መቃብሯ ላይ ያስቀመጥኳቸው ነጭ አበቦች አሉ?»

«የምን ነጭ? ሰማያዊ አይደሉም እንዴ? የሸክላዎቹ። እንዴት ያምራሉ።»

ቂጣዬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። በእኛ መካነ መቃብር ሰው የሚቀበረው ግድግዳ ውስጥ ነው፣ እንደ መሳቢያ ተደራርቦ፣ በሞተበት ቀን ተራ። እናቴና ኦብዱሊያ በአንድ ክረምት፣ አንዷ ሌላዋን ተከትላ ሞቱ። ሰማያዊ የሸክላ አበባ ያለው የኦብዱሊያ ነው።

«እትዬ ዶሲንዳ፣ መነጽርዎን አድርገው ነበር?»

«መነጽር የሚያስፈልገኝ መርፌ ሳሰካ ነው። ድንጋይ ለማንኳኳት መነጽር ይደረጋል?»

«በስሟስ ጠሯት?»

«በሯን እያንኳኳሁ ስም ምን ያደርጋል? ‹ውጪ፣ ነገ ቅዱስ እንድርያስ እንሄዳለን፣ ልጅሽ ትጠብቅሻለች› አልኳት።»

«በሯ አልነበረም። ያወጧት ኦብዱሊያን ነው።»

ወይዘሮ ዶሲንዳ ዝም አሉ። ስማቸውን ካወቅኩበት ቀን ጀምሮ ዝም ሲሉ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከስህተቱ ይልቅ ያ አስደነገጠኝ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

«ወጥ ቤቷን የአሳማ ጋጣ ነው አልኳት እኮ። ለራሷ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ጮክ ብለሽ ነበር።»

ተነሣሁ። እናቴ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ቀርታለች፤ ጠላቷ እኔን ተከትላ ትሄዳለች፤ ፈቃዴ ነገ ያልቃል፣ ሌላ ደግሞ ማን ይሰጠኛል? «እኔ እመለሳለሁ» አልኩ።

«አንቺ ከተመለስሽ ኦብዱሊያን ማን ይወስዳታል? እሷም እኮ ሄዳ አታውቅም። ከቤቷ ጠርተን አውጥተን መንገድ ላይ ልንጥላት ነው?»

«የጠሯት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ። ስለዚህ የምመለሰው እኔ ነኝ። አንቺ እሷን ይዘሽ ሂጂ፣ መንገዳችን ላይ ቫልዶቪኞ ስትደርሺ አውቶቡሱ የሚቆምበት ጋ ጠብቂኝ።» ይህን ብለው ወንበራቸውን አጠፉ፣ ወደ አስፋልቱ ወጡ፣ ምርኩዛቸውን ዘረጉና አንድ የወተት መኪና አስቆሙ። ሾፌሩን ቀድሞ ያውቁት እንደሆነ አላውቅም። ሲነሡ ግን መሪ አያያዙን እያረሙት ነበር።

እኔና ኦብዱሊያ ብቻችንን ቀረን።

ለእናት ጠላት ምን ይወራል? መጀመሪያ ምንም አላልኳትም። ይጥፋባት፣ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። እናቴ ከመሰላል የወደቀች ቀን መስኮቷን የዘጋች ሴት ናት። ከዚያ ከቦዩ አንዲት እንቁራሪት ዘልላ እግሬ ሥር አረፈችና አፍጥጣ አየችኝ። ክው አልኩ።

«እሺ፣ እትዬ ኦብዱሊያ» አልኩ። «በዚህ በኩል ነው። ቦዩን ይጠንቀቁት።»

ልብስ የምታሰጣ ሴት ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ትንሽ ሄድኩ።

«የወጥ ቤቱን ነገር ይርሱት። ሰውዬው ከከተማ የመጣ ነው፣ ምን ያውቃል?»

የባሕሩ ነፋስ ፊት ለፊት መጣብን። አሸዋው ላይ ስንደርስ እግሬ መስጠም ጀመረ፤ ቆም ብዬ «እዚህ ይከብዳል፣ ትንሽ እንረፍ» ስል ራሴን ሰማሁት። «እንረፍ» ነው ያልኩት። እናቴ ብትሰማ ምን ትለኝ እንደነበር እያሰብኩ፣ ጫማዬን አውልቄ አሸዋ አራገፍኩ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ብዙ ጠበቅኩ። አንዱ መጥቶ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። አይመጡም አልኩ። የመቃብሩ ዳገት ለጤነኛ ሰው እንኳ ያስቸግራል፤ በዚያ ዳሌ እንዴት ይወጡታል? እናቴን እንሽላሊት አድርጌ ማየት ጀምሬ ሳለ፣ ወደ ሴዴይራ የሚሄደው አውቶቡስ መጣ።

ወይዘሮ ዶሲንዳ በጎን በጎናቸው፣ ብረቱን ጨብጠው ወረዱ። ፀጉራቸው ተበታትኗል፤ የእጃቸው ጣቶች በግድግዳ ኖራ ነጭ ሆነዋል። ሾፌሩ በሩን ሊዘጋ ሲል ምርኩዛቸውን መሐል ከተቱ።

«ቆይ። የሚወርድ ሰው አለ።»

በአውቶቡሱ ውስጥ አንድ የሰርፍ ሰሌዳ የያዘ ወጣት ብቻ ነበር፣ እሱም ተኝቷል። ሾፌሩ ግን የአገራችን ሰው ነው። እጁን ከመሪው ላይ አነሣ።

«ትኬቷን ቆርጠውላታል» አለኝ፣ ቀና ብሎ። «ቀስ ብላ ትውረድ፣ አንቸኩልም።»

ወይዘሮ ዶሲንዳ ክንዳቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። «ቀስ፣ ሼኔሮሳ። ደረጃው ከፍ ይላል፣ ጉልበትሽን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መነጽሬን አድርጌ፣ ስሟን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። በመስኮቱ በኩል ነው ያስቀመጥኳት። አጠገቧ ማንም አልተቀመጠም፣ እኔም ቆሜ ነው የመጣሁት፤ እግሯን ትዘርጋ ብዬ።»

ልናገር ፈልጌ ነበር፤ የወጣልኝ ግን «እማዬ፣ ደክሞሻል?» የሚል ብቻ ነው። ጮክ ብዬ ነበር። ሾፌሩ በሩን ዘጋና ሄደ።

«አሁን ሁለቱን እንዴት ነው የምናደርጋቸው?» አልኩ በመጨረሻ። «አይነጋገሩም እኮ።»

«ማን እንዲነጋገሩ ጠየቃቸው?» አሉ ወይዘሮ ዶሲንዳ። ወንበራቸውን ጀርባቸው ላይ አስተካከሉና በመንገዱ መሐል ቆሙ። «አንቺ ከዚያኛው ጠርዝ እናትሽን ያዢ። ኦብዱሊያ ከዚህኛው ትሁን። እኔ መሐል እሄዳለሁ።»

እያነከሱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እያዞሩ ስለ ገንዳው ድንጋይ ማን ትክክል እንደነበረች ለሁለቱም ማስረዳት ጀመሩ። ሁለቱም ተሳስተዋል አሉ። ድንጋዩ የእሳቸው አያት ንብረት ነበር።

እየሰማሁ ከጎናቸው ሄድኩ። በእግሬ ላይ ያልቆሰለ ቦታ አልነበረም። እንደዚያም ሆኖ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፣ ከእኔ የመጣ አልመስል አለኝ፦ ተራዬ ሲደርስ ድንጋዬን የሚያንኳኩልኝ እኚህ ሴት በሆኑ። መጀመሪያ የጎረቤቴን ቢያንኳኩም ግድ የለኝም። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ቀድመውኝ ይሞቱ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ግን ከግድግዳው ውስጥ በኩል ያንኳኳሉ።