ሊቀ ለያይ እና ሰባቱ የእንቁራሪት ብልቃጦች

በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ «ሁለቱም ያው ናቸው» ሲባል ጥርሱን የሚያመው አንድ ሰው አለ። እርስዎም ያውቁታል። ሻጩ «ያው ነው፣ ውሰደው» ሲለው ዕቃውን ወደ ብርሃን ያነሳል፣ ያገላብጠዋል፣ ያሸተዋል። ከዚያ በዓለም ላይ ካለው ንግግር ሁሉ አብልጦ የሚወዳትን ቃል ይናገራል፦ «ይመስላል እንጂ አይደለም።» ከኋላው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያቃስታል። እሱ ግን አይሰማም። ልዩነት አግኝቷልና ደስ ብሎታል።

እኔ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ቤት አድጌ አንድ መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። አባቴ ነበር። («ነበር» ብሎ መጻፉን ገና አልለመድኩትም፤ ግን ትክክለኛው እሱ ነው።) ባልደረቦቹ «ሊቀ ለያይ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። ሲጀመር ለፌዝ ነበር። በኋላ ግን ዘበኛው ሳይቀር ከመቀመጫው ተነስቶ «ደህና አደሩ፣ ሊቀ ለያይ» ይለው ጀመር፣ እሱም በሙሉ ክብር ይቀበል ጀመር።

እናቴ አንድ ጊዜ ከሸሚዙ ላይ የወደቀውን ቁልፍ በሌላ ተካችው። ቀለሙ ያው፣ ስፋቱ ያው፣ ቀዳዳውም አራት። ጠዋት ሊለብሰው ሲል መስተዋቱ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሦስተኛው ቁልፍ እንግዳ ነው» አለ።

«እንግዳ? ምን ነካህ አንተ ሰውዬ! ያው ቁልፍ ነው።»

«ይመስላል እንጂ አይደለም። የዚህ ጠርዙ ድቡልቡል ነው፣ የሌሎቹ ሹል ነው።»

«ኮት ደርበህበት ማን ሊያየው ነው?»

«እኔ አውቄዋለሁ፤ አለቀ።»

እናቴ ሸሚዙን መንጭቃ መርፌዋን ፈለገች። «አንቺ ልጅ» አለችኝ ክሩን እየነከሰች፣ «ስታገቢ አደራ፣ መነጽር የሚያደርግ ፈልጊ።»

ጎረቤታችን መንትያ ሴቶች ልጆች ነበሯት። አንድ ቀን አንደኛዋን እጇን ይዛ በበራችን ስታልፍ አባቴ ደጃፍ ላይ ጫማውን ይጠርግ ነበር።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«ጥርስ ሐኪም ጋ። መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች፤ ላስነቅላት ነው።»

አባቴ ቀና ብሎ ልጅቷን አያት። «ታዲያ ይቺን ለምን ትወስጃታለሽ? ይቺ እኮ ጤነኛዋ ናት።»

«እኔ የወለድኳቸው ሳላውቅ?»

«መውለዱንማ ወልደሻል፤ መለየቱን ለእኔ ተይው። ይቺ ስትቆም ግራ እግሯን ታስቀድማለች።»

ሴትዮዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ልጅቷ ግን ቀደመቻት፦ «እህቴ ቦርሳዬን እሰጥሻለሁ ብላኝ ነው!» ብላ እሪ አለች። ቤት ሲገቡ ሕመምተኛዋ አልጋ ሥር ተገኘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንትዮቹ አባቴን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር፤ ሰውየው የአንዲት ጤነኛ መንጋጋ ባለውለታ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም።

እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ችሎታው የሚባክን ነው። ሰፈር ውስጥ ይጨቃጨቃል፣ ገበያ ላይ ሰልፍ ያስረዝማል፣ ያልፋል። የአባቴ ዕድል ግን ከእንቁራሪቶች ጋር አገናኘው።

ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ በዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ስብስብ ክፍል ተቀጠረ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፦ አንድ ጠባብ መስኮት፣ አሥራ ስምንት የብረት መደርደሪያ፣ በየመደርደሪያው ብልቃጥ፣ በየብልቃጡ አልኮል፣ በየአልኮሉ እንቁራሪት። የሞቱ ስለሆኑ አያመልጡም። ሆኖም አልኮሉ ይተናል፣ ክዳኑ ይላላል፣ መለያው ወረቀት ያረጃል። እነዚህን መጠበቅ ነው ሥራው። የሥራ መደቡ መጠሪያ «የመደርደሪያ ሠራተኛ» ይላል።

ጎብኚ ሲመጣ ግን የመደርደሪያ ሠራተኛው ቁመቱ የሚጨምር ይመስላል። አንዲት መምህርት ተማሪዎቿን አስከትላ መጥታ «እንቁራሪት ስንት ዓይነት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ሌላ ቦታ ቀጠሮ አላችሁ?»

«የለንም።»

«እንግዲያው ተቀመጡ» አለ።

ይቺ እንቁላሏን ከውኃው በላይ ቅጠል ላይ ትለጥፋለች፤ ሲፈለፈሉ ግልገሎቹ እንደ ዝናብ ጠብ እያሉ ውኃ ውስጥ ይወድቃሉ። ይቺኛዋ ተረከዟ ላይ አካፋ አላት፤ በጋ ሲገባ ወደ ኋላዋ ቆፍራ መሬት ውስጥ ትተኛለች። ይቺ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክለዋ፣ በውኃ ውስጥ በባለ ጭራ ግልገልነት ማደግ የሚባለውን ነገር ጭራሽ ሰርዛዋለች፤ ከእንቁላሏ ስትወጣ ሙሉ እንቁራሪት ናት። «ሁሉም የአንዲት ቅድመ አያት ልጆች ናቸው» ይል ነበር፣ ስለ ራሱ ዘመዶች የሚያወራ ያህል ደረቱን ነፍቶ። «ግን አንዷ ወንዝ ዳር ቀረች፣ አንዷ ዛፍ ወጣች፣ አንዷ ተራራ ላይ ተዘጋባት። ጊዜ ደግሞ ሥራ አይፈታም።» መምህርቷ ለሠላሳ ደቂቃ መጥታ ሦስት ሰዓት ቆየች።

እኔ የዚህ ክፍል መዝገብ ያዥ ሆኜ ስቀጠር ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ነበር። የሰነድ አያያዝ ተምሬያለሁ፤ በከፍተኛ ማዕረግ። ከተማርኩት ሁሉ በልቤ የተቀረጸው አንድ ሕግ ነው፦ መዝገብ በእርሳስ አይጻፍም፤ የሚጠፋ ጽሑፍ ጽሑፍ አይደለም። እና ምድር ቤት ገብቼ ምን ባይ ጥሩ ነው? በየብልቃጡ ውስጥ ያለው መለያ ወረቀት ሁሉ በእርሳስ! ያውም በአባቴ ጠማማ ጽሕፈት።

የሙከራ ጊዜዬ ሁለተኛ ወር ላይ፣ የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ለሦስት ሳምንት ጉዞ ወጥተው፣ አባቴም የዓመት ፈቃድ ላይ ሳለ፣ ሥራውን ከአንድ መደርደሪያ ጀመርኩ። ሰባት ብልቃጥ ነበር፤ ከሰባት ተራሮች የተሰበሰቡ፣ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም አውራ ጣት የሚያክሉ፣ ሁሉም በአንድ ዝርያ ስም የተመዘገቡ የሣር እንቁራሪቶች። ወደ አዳዲስ ብልቃጥ አዛወርኳቸው፣ አልኮላቸውን ቀየርኩ፣ መለያቸውን በእስክሪብቶ አሳምሬ ጻፍኩ። አሮጌዎቹን ወረቀቶች ጣልኩ። ቆሻሻው የዚያኑ ቀን ተወሰደ።

አባቴ ሲመለስ ሰባቱን ብልቃጥ ተራ በተራ ወደ መስኮቱ አነሳ። አልኮሉ ሰማያዊ ሆኗል። ወረቀቶቹ ንጹሕ ነጭ ናቸው።

«በምንድን ነው የጻፍሽው?»

«በእስክሪብቶ።»

«አልኮል እስክሪብቶን ይበላል፣ ልጄ። እርሳስን ግን አይነካም።» ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ያ ነው የባሰኝ።

የቱ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ የማይታወቅ እንቁራሪት ለሳይንስ ጥቅም የለውም። መዝገቡ ውስጥ ያለው ድምር ብቻ ነበር፦ ሰባት ብልቃጥ፣ 216 እንቁራሪት። በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አጥፍቶ አይቆይም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ወንበሩን ሳበ፣ ሰባት የብረት ሳህን ደረደረ፣ እርሳሱን ቀረጸ።

«ምን ልታደርግ ነው፣ አባዬ?»

«ላነጋግራቸዋ።»

ሦስት ቀን ፈጀበት። አንዲቱን እንቁራሪት ያነሳል፣ ያዞራታል፣ «አንቺ የፏፏቴው ተራራ ነሽ» ይላታል። ሌላዋን ያነሳል። አንዳንዴ ያኮርፋል፦ «አትሸውጂኝ፤ ይመስላል እንጂ አይደለም።» ሲጨርስ ከእያንዳንዱ ብልቃጥ ውስጥ እንግዳ አለመግባቱን አረጋግጦ ሰባት ወረቀት በእርሳስ ጻፈ። እኔ በበኩሌ ከማልቀስ የሚሻል ሥራ ስላልነበረኝ በየብልቃጡ ያሉትን ቆጥሬ መዘገብኩ። አንዲት ጎደለች፤ 215። አልተናገርኩም።

ፕሮፌሰሩ እንደተመለሱ ክፍላችን መጡ። ወረቀቶቹን አነበቡ፣ ምንም አልጠረጠሩም።

«መደርደሪያ ጠቦናል» አሉ። «እነዚህ ሰባቱ አንድ ዝርያ ናቸው። አንዱን ብልቃጥ አስቀርተን ስድስቱን ለተማሪዎች መለማመጃ እንስጥ።»

«አንድ አይደሉም» አለ አባቴ።

ፕሮፌሰሩ ሳቁ። «ጋሼ፣ ለእርስዎ እኮ የአንድ ከረጢት ሩዝ ፍሬው ሁሉ የተለያየ ነው።»

«ነው እንጂ! ይልቅ ይስሙኝ፦ ተራሮቹ መሃል ያለው ሜዳ ደረቅ ነው። እንቁራሪት በቆዳዋ ነው የምትጠጣው፤ ያንን ልሻገር ብትል ደርቃ ትቀራለች። ደኑ አንድ በነበረበት በጥንቱ ዘመን እነሱም አንድ ነበሩ። ሜዳው ከደረቀ በኋላ ግን እያንዳንዷ በየራሷ ተራራ ላይ ሌላ ሆናለች።»

«ታሪኩ ያምራል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«የዚህች አፍንጫ ይሾላል። የዚያች ጭን ላይ መስመር አለ። የሌሎቹ... ሲያዩዋት ያስታውቃል።»

«"ያስታውቃል" ተብሎ ለሳይንስ አይጻፍማ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ በደግነት። እጃቸውን ወደ መጀመሪያው ብልቃጥ ዘረጉ።

አባቴ ለማስረዳት አንድ ጥሩ ማስረጃ ነበረው፦ ያለ ምንም ወረቀት ለይቷቸዋል። ግን ማስረጃው የእኔ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ዝም አለ። ለዓመታት የጠበቃቸው እንቁራሪቶች በምላጭ ሊቀደዱ ሲወሰዱ ቁጭ ብሎ ተመለከተ። ፊቱን አየሁትና ተነሳሁ። እግሬን ረገጠኝ። አልተቀመጥኩም።

«ፕሮፌሰር፣ አሁን ያነበቧቸውን ወረቀቶች የጻፋቸው አባቴ ነው። እንቁራሪቶቹን አይቶ እንጂ ሌላ ጽሑፍ አይቶ አይደለም። የድሮዎቹን እኔ አጥፍቻቸዋለሁ፤ ብልቃጦቹንም ቀይሬያለሁ።»

«ማን አፍሽን ክፈቺ አለሽ!» ብሎ አባቴ ጮኸብኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ከብልቃጡ ላይ አነሱ። ከዚያ ፎቅ ወጥተው አሮጌ የጉዞ ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው ወረዱ። ከየተራራው ስንት እንቁራሪት እንደሰበሰቡ የጻፉበት ነው። አባቴ አይቶት አያውቅም።

«የፏፏቴው ተራራ፣ ሠላሳ አንድ።»

መዝገቤን ገለጥኩ። «ሠላሳ አንድ።»

«የሰሜኑ፣ ሃያ ስምንት።»

«ሃያ ስምንት።»

አርባ፣ አርባ። አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ዘጠኝ። ሠላሳ ሰባት። ሃያ ሁለት። እያንዳንዱ ሲገጥም የፕሮፌሰሩ ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። ሰባተኛው ላይ ደረስን።

«የቀርከሃው ተራራ፣ ሠላሳ ዘጠኝ።»

«ሠላሳ ስምንት» አልኩ።

አባቴ ግን ዘና ብሎ ነበር። «አንዷን ሥዕሏን ላሠራ ብለው ወስደዋታል፣ ፕሮፌሰር። አሥር ዓመቷ ነው። ጠረጴዛዎ ላይ በትንሿ ብልቃጥ ያለችው፣ ወረቀት እንዳይበርብዎ የሚጭኗት እሷ ናት።»

ፕሮፌሰሩ ጆሯቸው ቀላ። ወጥተው ይዘዋት መጡ፤ ራሳቸው መለሷት።

ከየብልቃጡ ቅንጣት ሥጋ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ፦ ከሰባቱ አምስቱ ለብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ተለያይተው የኖሩ፣ የየራሳቸው ዝርያ ናቸው። «የቀሩት ሁለቱስ?» ብለው ሲጠይቁት አባቴ ትከሻውን ነቀነቀ። «ማሽኑ ገና አልደረሰባቸውም» አለ። ስድስቱ ብልቃጦች ለተማሪዎች አልተሰጡም፤ ሰባቱም ዛሬ እኔ የማየው መደርደሪያ ላይ ናቸው። የምርምር ጽሑፉም ታትሞ ወጣ። የፕሮፌሰሩ ስም አለ፣ የላቦራቶሪው ስም አለ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ «የቴክኒክ ሠራተኞችን እናመሰግናለን» ይላል።

እኔ ከሥራ አልተባረርኩም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ነበሩ ያረቀቁት።

አባቴ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። ባለፈው ወር የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ አስጠራችኝ። ማኅደሬ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ማስጠንቀቂያሽ አምስት ዓመት ሞልቶታል። እዚህ ጋ ፈርሚ፣ አውጥቼ ልቅደደው።»

«አይቀደድም።»

«እንዴ! ለእድገት ስትወዳደሪ ነጥብ ያስቀንስብሻል እኮ።»

«ይቀንስ።»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ጥፋቱን እኮ ነው የሚዘረዝረው!»

«ሁለተኛውን አንቀጽ አንብቢው» አልኳት።

መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች፦ «... መለያዎቹ ሙሉ በሙሉ በመጥፋታቸው፣ የመደርደሪያ ሠራተኛው ያለ ምንም ጽሑፍ፣ በዓይኑ ብቻ በመመልከት፣ ሁለት መቶ አሥራ አምስቱን እንቁራሪቶች አንድም ሳይሳሳት በየተራራቸው ለይቷል።» ከመደቡ መጠሪያ ቀጥሎ የአባቴ ሙሉ ስም አለ። ከሥሩ ፊርማ። ከፊርማው ላይ ማኅተም።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። ማኅደሩን ዘጋችና በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቦታው መለሰችው።