እትዬ ወረንጦ እና የአንገቴ እስረኞች

በየቤተሰቡ ሰውን ዓይን ለዓይን የማያይ አንድ ዘመድ አለ። ሰላም ሲላችሁ አገጫችሁን ያያል። ስለ ጤናችሁ ሲጠይቅ አንገታችሁን ይቃኛል። እናንተ የልባችሁን ስትነግሩት እሱ ጉሮሯችሁ አጠገብ ካለችው ትንሽ ቀይ እብጠት ጋር ሌላ ወሬ ይዟል። «እኔ ቤት እንዲህ ያለ ዘመድ የለም» የሚል ሰው ካለ፣ ዘመዱ ራሱ ነው።

በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እኛ የእህትና የወንድም ልጆች በሌሉበት «እትዬ ወረንጦ» እንላቸዋለን፤ ባሉበት «እትዬ» ብለን የቀረውን እንውጠዋለን። ክብርት እትዬ ያለ ወረንጧቸው ከቤት ወጥተው አያውቁም። ጫፏ ቀጭን፣ ወገቧ ከመያዝ ብዛት የተወለወለ፣ የራሷ የቆዳ ከረጢት ያላት ወረንጦ ናት። ሰው ቁልፉን ረስቶ ከደጅ እንደሚመለስ እሳቸው እሷን ረስተው ከደጅ ይመለሳሉ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመጨረሻው ጠረጴዛ የእሳቸው ነበር። ሸሚዙ ተሰፍቶና ተተኩሶ ሲያልቅ እሳቸው ፊት ይቀርባል። እሳቸው በመስኮቱ ብርሃን ገልበጥ ገልበጥ ያደርጉትና የተረፈች ክር ካለች በወረንጦ ይለቅሟታል። ጡረታ ሲወጡ ሸሚዙ ቀረ። ሸሚዙ ውስጥ ያለነው ሰዎች ግን አልቀረንም።

ከሁሉም የእኔን አንገት ይወዱ ነበር። ፂሜ ጥምዝምዝ ነው። በተላጨሁ በማግስቱ እንደ ደህና ፀጉር ቀና ብሎ መውጣት ሲገባው፣ ጎንበስ ይልና ተመልሶ ቆዳዬ ውስጥ ይገባል። ገብቶም ዝም አይልም፤ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያሳክካል። ይህ ነገር መጀመሪያ ሲገባኝ በጣም ተደንቄ ነበር። ወጥቶ፣ ዓለምን አንድ ጊዜ አይቶ፣ «አይ፣ ይቅርብኝ» ብሎ የሚመለስ ነገር አንገቴ ላይ ይኖራል! ለእትዬ ይህን ስነግራቸው መነጽራቸውን ብቻ አስተካከሉ።

«እስረኛ አለብህ» አሉኝ። «ወደ ብርሃን ና።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ደረጃ ላይ ሰምቻታለሁ፤ ሐዘን ቤት ሰምቻታለሁ፤ የምርቃቴ ቀን ካባዬን ለብሼ ፎቶ አንሺው «ፈገግ በል» ሲለኝ ከጎኔ ሰምቻታለሁ። በዚያ ፎቶ ላይ እናቴ ታለቅሳለች፣ አባቴ ደረቱን ነፍቷል፣ እኔ አገጬ ወደ ሰማይ ተቀስሯል፤ ከአንገቴ ሥር አንዲት ወረንጦ የያዘች እጅ ትታያለች። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከፊቱ ቆሜ ለመከለል እሞክራለሁ።

እትዬ ሕግ አላቸው። «ደረቅ ቆዳ ላይ ምላጭ አታሳርፍ። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ የራሰ ፎጣ። ከዚያ ፂሙ በተኛበት በኩል ትላጫለህ እንጂ ሽቅብ አትታገለውም። ቆዳህን አትወጥር፤ የተወጠረ ቆዳ ሲለቀቅ ፀጉሩን ይዞት ነው የሚገባው። የደነዘ ምላጭ ጣል። እስረኛ ካገኘህ ጫፉን ብቻ ቀና አድርገህ ልቀቀው፤ ከሥሩ ከነቀልከው ቂሙን ይዞ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አትነካካው!»

ወርቅ የሆነ ሕግ ነው። ችግሩ ሕግ አውጪዋን አይመለከትም። «አትነካካው!» የሚሉት ሁልጊዜ እየነካኩት ነው።

አንድ ቀን በአውቶቡስ አብረን ስንሄድ ከፊታችን አንድ ኮስታራ ሰውዬ ተቀምጦ ነበር፤ ኮሌታው የተተኮሰ፣ ማጅራቱ አዲስ የተላጨ። እትዬ ዝም ሲሉ ደስ አይለኝም። ቀና ስል አፍንጫቸው ከሰውየው ማጅራት ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረውም።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። እስረኛ አለብህ።»

ሰውየው ደንግጦ ዞረ። «የኔ እናት፣ ከእኛ ቤት የታሰረ የለም!»

«ማጅራትህ ላይ ነው እንጂ። አይዞህ፣ አትፈር፤ ይሄ የእህቴ ልጅም እንዳንተው ነው። አንተ፣ አሳየው እስቲ አንገትህን!»

አውቶቡሱ ሙሉ ዞሮ አንገቴን አየ። አንዲት ተማሪ እንዲያውም በደንብ ለማየት ከወንበሯ ተነሳች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ አውቶቡስ ውስጥ ግን መሬት እንኳ የለም። መውረጃዬ ባልሆነ ቦታ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ማታ ቤት ስገባ እትዬ ቀድመውኝ ደርሰዋል፤ የሰውየውን ስልክ ቁጥር ይዘዋል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ያወጡልኝ እስረኛ መግል ያዘና አንገቴ አላዞር አለኝ። ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፤ ራሳቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት። አንገቴን በትንሽ መብራት ስታየው ቆየችና ጠየቀች።

«ይህን የቆፈረው ማነው?»

እኔ ወደ እትዬ አየሁ። እትዬ እጃቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ጣሪያውን አዩ።

«ምን ይደረግ ብለሽ ነው ዶክተር» አሉ። «የዛሬ ልጅ አትነካካ ሲሉት መች ይሰማል?»

ሐኪሟ እንደ ሕፃን ተቆጣችኝ። ትልቅ ሰው መሆኔን አስታወሰችኝ። ቅባት ጻፈችልኝ፣ ለጥቂት ሳምንታት ፂሜን እንዳልነካው ነገረችኝ፤ «ያበጠው ላይ መርፌም ወረንጦም አይግባበት፤ ከተተወ አብዛኛው ራሱ መንገዱን ያገኛል» አለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ «እሺ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አልኩ። ደረጃውን ስንወርድ እትዬ ረክተዋል።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ። «እኔ ያልኩህን ነው የደገመችልህ።»

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ግን ከሐኪም ቤቱ ብዙም ሳይቆይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቆሜ ግጥም እንዳነብ ተጠራሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ። መምህሮቼ ይመጣሉ፣ ጓደኞቼ ይመጣሉ፣ እናቴ የፊት ወንበር ለራሷና ለእትዬ ይዛለች። ከዓለም የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንገቴ ላይ ፕላስተር ሳይኖር መቆም።

አንድ ሌላ ምሥጢርም ነበረኝ። የማነበው ግጥም ስለ እትዬ ነው። እሳቸው አያውቁም። ስለ ወረንጦዋ አይደለም፤ ስለ እጃቸው ነው። እትዬ ቤት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንግዳውን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያስቀምጡታል፣ እሳቸው ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ግራ መዳፋቸው አገጫቸው ሥር ትገባለች። ሲያወሩም፣ ሲያዳምጡም አትነሳም፤ ሲስቁ ደግሞ ከፍ ብላ አፋቸውን ትከልላለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ያቺን እጅ አይቼ እደነቃለሁ። ምን ያህል ሐሳብ ቢከብድ ነው፣ እላለሁ፣ ፊት እንዲህ ድጋፍ የሚፈልገው? «የዘመን ክብደት ያረፈባት መዳፍ» የሚል መስመር አለው ግጥሙ። ስጽፈው ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ያን ሰሞን እንግዲህ ከእትዬ ሸሸሁ። ሰበቤም የሚያሳምን ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ብርሃን በጠሩኝ ቀን አንዱን እስረኛ ይዘው «ይሄኛው እልኸኛ ነው!» እያሉ ሲታገሉት፣ እንባዬ እየወረደ ቆይቼ ነበር ነገሩ የገባኝ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ማርያም የሳመችኝ ነው!»

እሳቸው ራሳቸው ገና በአራስነቴ እያዩ የሳሙት ጥቁር ነጥብ ነው። እትዬ ቆም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ታዲያ ቀድመህ አትናገርም?» አሉኝ። ይህን ለሌሎቹ የእህትና የወንድም ልጆች እያስመሰልኩ ነግሬ በሳቅ ገደልኳቸው። ከመሳቅ ሌላ የሚደረግ ነገር ያለበት አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ከመሄድህ በፊት ብቅ በል» አሉኝ እትዬ።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ በጣም…»

«ብቅ በል ብያለሁ።»

በዚያ ሙቀት ሻርፕ እስከ ጆሮዬ ጠምጥሜ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አጠናሁ። በሩን ስከፍት የፈራሁት ሁሉ ተደርድሯል፤ መስኮቱ አጠገብ ሁለቱ ወንበሮች፣ ትንሿ ጠረጴዛ፣ እንፋሎቱ የሚወጣ ሳህን፣ የታጠፈ ፎጣ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ የተጋደሙ ወረንጦና ትንሽ መቀስ።

«እትዬ፣ በወላዲቱ ይዤዎታለሁ፣ ዛሬን ብቻ ይማሩኝ። ሰው ፊት ነው የምቆመው።»

«ማን ነካህ? ግባና በሩን ቆልፈው።»

ቆለፍኩ። ዞር ስል እትዬ የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዕድሜዬን ሙሉ የእኔ በሆነው፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ። ብርሃኑ ሁሉ ፊታቸው ላይ ነው። እጃቸውን ከአገጫቸው አነሱ።

አገጫቸው ላይ ፂም ነበረ። ብዙ አይደለም። ጥቂት ወፋፍራም ፀጉሮች፣ አንዳንዱ ጥቁር፣ አንዳንዱ ነጭ፣ እንደ እኔ ጥምዝምዝ፣ እንደ እኔ ተመልሰው የገቡ። በመካከላቸው የድሮ ጠባሳ ጠቋቁሯል፤ አንድ እብጠት ቀልቷል። ከጎኑ ደግሞ ወረንጦዋ ፀጉሩን ስታ ቆዳውን የነከሰችባቸው አዳዲስ ቁስሎች።

«ዓይኔ እምቢ አለኝ» አሉ እትዬ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ። «መስታወቱ ላይ አየዋለሁ፣ እጄን ስሰድ ይጠፋብኛል። እናትህ ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው አለች። መብራቱም ኃይለኛ ነው አለች። ሰው ‹የገጣሚው አክስት ፂም አላት› ብሎ እንዲስቅብህ አልፈለግሁም።»

«እማዬ ታውቃለች?»

«ማንም አያውቅም። ፋብሪካ ሳለሁ መስኮቱን ከጀርባዬ የማደርገው ለሸሚዙ ብዬ ይመስላቸው ነበር።»

ኪሴ ውስጥ የታጠፈው የግጥሜ ወረቀት እሳት ሆነብኝ። የዘመን ክብደት! ያቺ መዳፍ ተሸክማው የኖረችው ሐፍረት ነበር፤ የእኔው ዓይነት፣ እኔ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲያይብኝ ከመውረድ ሌላ ያላወቅሁበት። እሳቸው ግን መውረጃ አልነበራቸውም። ወረንጦዋን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኳት።

«ምን ያስፈራሃል? ሕጉን ታውቀው የለ» አሉኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሙቁን ፎጣ አስቀመጥኩ፣ ጠበቅሁ። የታሰሩትን ጫፋቸውን ብቻ ቀና አድርጌ ለቀቅኋቸው። ወጥተው የቆሙትን አልነቀልኳቸውም፤ በትንሿ መቀስ አሳጠርኳቸው። የቀላውን እብጠት ሳልነካው አለፍኩ።

«ያኛውስ? ያ ትልቁ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«እሱ ይተዋል። መርፌም ወረንጦም አይግባበት ተብሏል።»

«ማነው ያለው?»

«እርስዎ ነዎታ፣ እትዬ። ዶክተሯ ደገመችው እንጂ።»

ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ መጣ። ስጨርስ አገጫቸውን በጣቶቻቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ የራሳቸው ሳይሆን የሰው ዕቃ የሚነኩ ይመስል። ከዚያ ተነሱና ሻርፔን ፈቱት። አንገቴን አዩ። ብዙ እንዳለበት እኔም አውቃለሁ። እሳቸው ግን ወረንጦዋን ከረጢቷ ውስጥ ከተቷት።

ሌላ ግጥም አልያዝኩም ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። እትዬ ከእናቴ ጎን፣ የፊቱ ወንበር ላይ፣ መብራቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም እጆቻቸው ጭናቸው ላይ፣ አገጫቸው ቀና ብሎ። እኔ ደግሞ እጇን ከአገጯ ስለማታነሳ ሴት አነበብኩ። የዘመኑ ክብደት ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ፤ ሰው ስሜት መስሎት አጨበጨበ። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። እትዬን ለማየት አልደፈርኩም።

ሲያልቅ መምህሬ እጄን ጨበጡኝ፣ ጓደኞቼ ከበቡኝ። እትዬ ሰውን በክርናቸው እየገፉ መጡ።

«ያቺ ሴትዮ» አሉ፣ «እጇን ከአገጯ የማታነሳው ሐሳብ ከብዷት ነው ያልከው?»

«አዎ እትዬ» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እስረኛ ሳይኖርባት አይቀርም።»

ከዚያ ሳቁ። እትዬ አፋቸውን ሳይከልሉ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የፊት ጥርሳቸው ክፍተት እንዳለው ያን ቀን አወቅሁ። ሳቃቸው ሲበርድ ዓይናቸው፣ እንደ ልማዱ፣ ከዓይኔ ወደ አንገቴ ወረደ። እጃቸው ወደ ቦርሳቸው ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። ዙሪያውን ሰዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

የሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ ፈታሁና፣ መምህሬ እያዩ፣ ጓደኞቼ እያዩ፣ አንገቴን ወደ ብርሃኑ አዞርኩላቸው።