የጥጓን ምግብ ቤት ለሠፈሩ ስለመጠቆም

ቀን፦ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት።
ቦታ፦ ጥቆማው የሚጻፍላት የመንገዱ ጥግ ምግብ ቤት። ያሏት አራት ጠረጴዛዎች ለክብራችን ተገጣጥመዋል፤ አንዱን የሰብሳቢው ማኅደር፣ ሌላውን የአክስት ቦርሳ ይዞታል።
የተገኙ፦ ትልቁ አጎት (ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም)፣ አክስት፣ የአክስት ባል ጠበቃው፣ ምራት (ጸሐፊ፤ የተመረጠችው ባልተገኘችበት ስብሰባ ነው)።
ያልተገኘ፦ የጸሐፊዋ ባል፤ ቤተሰቡን ስለሚያውቅ።
ምልዓተ ጉባኤ፦ አንድ ሰው ስለጎደለ ሰብሳቢው አንዴ በሰብሳቢነት፣ አንዴ በአባልነት ተቆጥረው ሞልቷል።

አጀንዳ ፩፦ ባለፈው እሑድ እዚሁ ስለተበላው ምሳ
ዓሣው አጥንቱ ሳይቀር መላሱን ጉባኤው አረጋገጠ። በዕለቱ የምግብ ቤቷ እመቤት፣ «እባካችሁ ለሰው ንገሩልኝ፤ በዚህ ሳምንት ገበያ ካልደራልኝ ቅዳሜ አከራዩ ቤቱን ይረከበኛል» ብለው እንደነበር ጸሐፊዋ አስታወሰች። ሰብሳቢው በቤተሰቡ ደንብ መሠረት አንድም ቃል ያለ ውሳኔ ከቤት እንደማይወጣ ገለጹ። እውነት ነው። ለጎረቤት አራስ የጸደቀው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የደረሳት ልጇ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው።

አጀንዳ ፪፦ ለሠፈሩ ሰው በስልክ ስለሚላከው ቃል
ጸሐፊዋ «ምግቡ ይጣፍጣል፤ ሂዱና ብሉ» የሚል ረቂቅ አቀረበች። ጠበቃው «ይጣፍጣል» ማለት ተጠያቂነት ስለሚያስከትል «ይጣፍጣል ተብሎ ይገመታል» እንዲባል ጠየቁ። አክስት እሳቸው የሚሠሩት ምግብ ታዲያ ምን ሊባል እንደሆነ ጠየቁ። ጠበቃው፣ አክስት እሑድ ሦስቴ ማስጨመራቸውን ቢያነሡ፣ «አንተ ደግሞ የኔን ስትበላ ዝም፣ የሰው ስትበላ ምስክር!» ተባሉ። ሰብሳቢው ጠቡ ወደ ልዩ ልዩ ጉዳዮች እንዲዛወር አዘዙ።
ከረዥም ውይይት በኋላ «ምግቡ ከቤታችን ሳይበልጥ ይጣፍጣል ተብሎ ይገመታል» የሚለው ጸደቀ። ሰብሳቢው ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ።

አጀንዳ ፫፦ ከእመቤቲቱ ስለቀረበ አቤቱታ
ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው እየመጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ የተያዙትን ጠረጴዛዎች እያየ ይመለስ ነበር። ጉባኤው ያዘዘው ውሃ ብቻ ነው። እመቤቲቱ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ቀርበው፣ «ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ አንዷን እንኳ ብትለቁልኝ» ብለው ለመኑ። ሰብሳቢው ጥያቄው አጀንዳ ስላልተያዘለት በጽሑፍ እንዲቀርብ መለሱ። ጸሐፊዋ ለመነሣት ብትሞክር ምልዓተ ጉባኤው እንዳይጎድል እንድትቀመጥ ታዘዘች። አንጀቷ አረረ፤ ማረሩ በማሻሻያ ሐሳብነት አልተያዘላትም።

አጀንዳ ፬፦ የመጨረሻ ውሳኔ
ጠበቃው፣ ሰው ከበር የሚመለስበትን ቤት መጠቆም ቤተሰቡን ትዝብት ላይ እንደሚጥል አስረዱ። አክስት፣ «እኔስ ምን አልኩ? ደህና ቤት ቢሆን ሰው አይቶ ይሸሻል?» አሉ። ሰው የሸሸው እኛን አይቶ መሆኑን ጸሐፊዋ ተናገረች፤ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለች። ስለዚህ እስካሁን የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ስለ ምግብ ቤቷ ለማንም ምንም እንዳይነገር ተወሰነ። ጸሐፊዋ ብቻዋን ተቃወመች። ቤቷ ሰው የማይበዛባትና ጸጥ ያለች በመሆኗም የቤተሰቡ የእሑድ ምሳ ወደፊት እዚሁ እንዲሆን ሌሎቹ ተስማሙ።

ስብሰባው የምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተበተነ። ሰብሳቢው ከበሩ ዞር ብለው «ለእሑድ ቦታ ይያዝልን» አሉ። እመቤቲቱ ገዢ ያላገኘውን ዓሣ እየከደኑ፣ «ቅዳሜን ካለፍን፣ ጋሼ» አሉ። ይህን መዝግቢ ያላት የለም፤ ጸሐፊዋ ግን መዝግባዋለች። ጉባኤው ከቻለ ይሻረው።