ሟቾችን ከማዕረግ የሚያወርዱት ሻምበል

በየሰፈሩ ሙታንን እንኳ አርፈው እንዳይተኙ የሚያደርግ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛን ሰፈር የያዙት ጡረተኛው ሻምበል ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጦሩ መዝገብ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ አያቱ ወታደር የነበረ ሁሉ የሟቹን ፎቶግራፍና ለማንም የማይገባ አህጽሮተ ቃል ይዞ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ሲሄድ የጀግና ዘር ነው። ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ነው።

ክቡርነታቸው ፀጉር ቤቱ በር ላይ የራሳቸው ወንበር አላቸው። ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው ፎቶውን ያገላብጣሉ፣ ትከሻውን ያያሉ፣ እጅጌውን ያያሉ፣ ከዚያ አንዲት ቃል ይናገራሉ፦ «ይወርዳል!» የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት አያት ኮሎኔል ሆነው መጥተው መቶ አለቃ ሆነው ተመለሱ። የልብስ ሰፊው አጎት በቤተሰቡ ዘንድ መድፍ ተኳሽ ነበሩ፤ ሻምበል ግን ከፎቶው ጀርባ ካሉ ጥቂት ፊደላት ተነስተው ወጥ ቤት አስገቧቸው። ልብስ ሰፊው «ሜዳሊያውስ?» ቢላቸው፣ «ሠራዊት ሳይበላ ይዋጋል እንዴ?» አሉት። እስከ ዛሬ አንድ ሟች ከፍ ሲያደርጉ አላየሁም።

ሕያዋንንም አይምሩም። ጎረቤታቸው ጡረተኛ መቶ አለቃ ነው። ቀድሞ ሰላምታ የሚሰጠው የበታች ነው፤ ደንብ ነው፤ አለቀ። አንድ ቀን በዝናብ መቶ አለቃው ሁለት እጁ ሙሉ የገበያ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ሻምበል በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። ሰውየው ዕቃውን ጭቃ ላይ አስቀምጦ እጁን ወደ ግንባሩ እስኪያነሳ ድረስ ሁለቱም በሰበሱ። «በብርድ ቢሞቱስ?» ብላቸው፣ «ደንብ አክብሬ እሞታለኋ!» አሉኝ።

ታዲያ እናቴ እሳቸው ዘንድ ካልሄድኩ ስትል ተስፋ ቆረጥኩ። አባቷ ከጦር ሜዳ ቆስሎ መጥቶ ሲሞት ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ያደገችው «የሻምበል ልጅ» እየተባለች ነው። አሁን የመቃብሩ ድንጋይ ስለተሰነጠቀ፣ ዓይኗ ሳይከደን አዲስ እብነበረድ ልታቆምለት ቆርጣለች። ድንጋይ ቀራጩ ከስሙ በፊት ምን ልጻፍ ብሎ ጠየቃት። ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችው የአባቷ ፎቶ ሲቪል ለብሶ የተነሳው ነው፤ ያላት ማስረጃ የቆርቆሮ ሳጥኑ ብቻ ነው፤ ክዳኑ ላይ በነጭ ቀለም «ም/፲ አ» ይላል። ሳጥኑን ተሸክሜ ወሰድኩላት።

«ምክትል አስር አለቃ» አሉ ሻምበል። «ይወርዳል!»

«ኧረ አባዬ ሻምበል ነበር ነው ያሉን» አለች እናቴ።

«ሻምበልስ እኔ ነኝ።»

ቤት እንደገባን ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ አልጋዋ ሥር ከተተችው። «ሰባ ዓመት ሙሉ በማን ነው ስኮራ የኖርኩት?» አለችኝ። ቀራጩም ስሙን ብቻ እንዲጽፍ ላከችበት። እኔ ያን ቀን ሻምበልን አንድዬ ቢነቅልልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ድንጋዩ የሚቆም ዕለት ሳይጠሩ መጡ፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ማጉያቸውን ይዘው። አሁን ደግሞ የት ሊያወርዱት ነው አልኩ በሆዴ፤ ሰውየው እንደሆነ መሬት ውስጥ ነው።

ጎንበስ ብለው አነበቡ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማዕረጉን ማነው የገፈፈው?»

እናቴ ደነገጠች። «ትንሽ ስለሆነ ብዬ ነው፣ ሻምበል።»

«ትንሽ? እትዬ፣ ተነስ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው! እኛማ ከኋላ ሆነን ነው የምንጽፈው። እኔ ከሰው የምወስደው የሌለውን ነው፤ ያለውን የሚነካበትን ግን አልለቅም።» ወደ ቀራጩ ዞሩ። «መሮህን አምጣ። በአህጽሮት እንዳይሆን፣ ሙሉውን ጻፍ። የልጅ ልጆቹ እኔን የመሰለ ሽማግሌ ፍለጋ አይንከራተቱ።»

ቀራጩ «ምክትል አስር አለቃ» የሚለውን ፊደል በፊደል እስኪጨርስ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ። እናቴ አቧራውን በመዳፏ እየጠረገች ታለቅሳለች፤ ደግሞም ትስቃለች። ያን ሰውዬ መውደዴን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ተናደድኩ እንጂ አልካድኩም።

ከዚያ ሻምበል ኮታቸውን ቆለፉ፣ ተረከዛቸውን ገጠሙ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሱ።

ጠጋ ብዬ «ሻምበል፣ የሚጀምረው የበታች አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

እጃቸውን አላወረዱም።

«ታዲያ እሱ እስኪጀምር ልጠብቅ?»