በምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ስለተሰለፈው መንግሥት

መንግሥት የሚገለበጠው በታንክ ነው የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፤ በማስቲሽ ነው። ይህን የምለው ፊደል ቆጥሬ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ ነው። በሺ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ናይሮቢ ከተማ፣ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር፣ ደርግን የሚተካው መንግሥት በሙሉ ክብሩ በምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ተሰልፎ ቆሞ ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ በምግብ ቤቴ ሰው ሳበላ ውዬ፣ ቤቴ ስገባ ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ እበላለሁ። ለአገር የማይከፈል መሥዋዕትነት የለም። ከእኔ የተፈለገው ጭኔ ነበር፤ ሰጠሁ።

የዚህ ታላቅ ሥራ መሥራች አማቼ ሀብተወልድ ነው፤ የልጄ የጥሩወርቅ ባል። አዲስ አበባ ሳለ በአንድ መሥሪያ ቤት የመኪና ስምሪት ሠራተኛ ነበር። ይኸኛው መኪና ወደዚህ ይሂድ፣ ያኛው ወደዚያ ይሂድ እያለ ወረቀት ይቆርጥ ነበር፤ ሾፌር ሲጎድልም ራሱ ይነዳ ነበር። ሞያሌን በእግሩ ሲሻገር ግን ማዕረጉ መንገድ ለመንገድ እያደገ መጥቶ፣ ናይሮቢ ሲገባ የትራንስፖርት ምክትል ሚኒስትር ሆኖ ገባ። በስደት የማይከሳ ነገር ማዕረግ ብቻ ነው።

ጥሩወርቅ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ እሷ ትሠራለች፣ እሱ ሥራ ይፈልጋል። አንድ ቀን ሥራ ሊፈልግ ወጥቶ ካርቶን ታቅፎ ተመለሰ። ከላዩ ያማረ ጥቁር መኪና ተስሎበታል። ሲከፍተው ውስጡ የፕላስቲክ ስብርባሪ ነው።

«ሰብረው ሸጡልህ?» አልኩት አንጀቴን በልቶኝ።

«እማማ፣ ይገጣጠማል እኮ። በውጭ አገር ትልልቅ ሰዎች የሚሠሩት ነው። የእውነተኛው መኪና አንድ ሃያ አራተኛ ነው።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ሁሉ ነገር ሃያ አራት ጊዜ አንሶ ነው የተሠራው።»

«ሰዎቹም?»

ስብርባሪውን መደርደር ጀመረ። የተማረ ሰው ትንንሽ ጥያቄ አይመልስም።

እግዜር አይይብኝና እጁ ብልህ ነው። እያንዳንዷን ፕላስቲክ በምላጭ ቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሞርዶ፣ በስንጥር ጫፍ ማስቲሽ እያስነካ ያገጣጥማል። ካርቶኑ ውስጥ የሌለውን ደግሞ ከራሱ ይጨምራል። የበሩ መያዣ የስፒል ራስ ነው። የፊት መብራቱ ዶቃ ነው፤ የእኔ ዶቃ። ሞተር ብስክሌቶቹንማ ከነጭራሹ ከሽቦና ከብስኩት ቆርቆሮ ፈጠራቸው፤ ጎማቸውን ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ ቆረጠ። በጣትህ ስትነካው ይሽከረከራል።

አንድ መኪና ሠርቶ ቢቆም ኖሮ የሰው ጨዋታ ተብሎ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን ባላምባራስ ባንታየሁና ሻለቃ አየለ ሊጠይቁን መጡ። ባላምባራስ በአንድ ወቅት ሰፊ መሬት ነበራቸው፤ አሁን ሰፊ ካፖርት ነው የቀራቸው። ሻለቃ አየለ ከእኔ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ምግብ ቤት የከፈተችው የእህተማርያም ባል ነው። ወጧ ላይ የጎደለው በርበሬ ሁሉ አፏ ላይ ነው፤ ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ባላምባራስ መኪናውን አይተው አይተው፣

«ስንመለስ አዲስ አበባ የሚገባው በዚህ ማነው?» ብለው ጠየቁ።

በቃ። በዚያው ዕለት «የክብር መመለሻ ሰልፍ አደራጅ ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሀብተወልድ ሊቀመንበር፣ ባላምባራስ ምክትል ሊቀመንበር፣ ሻለቃ ጸሐፊ ሆኑ። ተራ አባል ተፈልጎ አልተገኘም።

በሁለት ዓመት ውስጥ መኪኖቹ አሥራ አራት፣ ሞተር ብስክሌቶቹ ስድስት ደረሱ። አንድ ከባድ ብሔራዊ ችግርም ገጠመ። መኪኖቹ የእንግሊዝ ሥሪት ናቸውና መሪያቸው በቀኝ ነው። ሀብተወልድ፣ በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ መሪው ሁሉ ተቆርጦ ወደ ግራ ይዛወር አለ። ባላምባራስ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ግራ? ይሄ ደርግ ግራ ነኝ እያለ አይደለም እንዴ የፈጀን?»

«ባላምባራስ፣ የመንገድ ነገር ነው፤ የፖለቲካ አይደለም።»

«በእኔ ጊዜ መሪ በቀኝ ነበር! እኔ በግራ መሪ አዲስ አበባ አልገባም። እዚሁ ቅበሩኝ!»

ከአራት ስብሰባ በኋላ፣ አገራዊ አንድነትን ለመጠበቅ ሲባል፣ ሰባቱ በቀኝ ሰባቱ በግራ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰልፉ የትኛውን የመንገድ ዳር ይዞ ይሂድ የሚለው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ከዚያ በየመኪናው ሰው ማሳፈር መጣ። ሀብተወልድ ከሻማ ሰም ጥፍር የሚያካክሉ ሰዎች እየቀረጸ እንደየማዕረጋቸው ያስገባል። ሻለቃ አየለ መኪናው ከባላምባራስ መኪና ኋላ በመሆኗ በየሳምንቱ ከኮሚቴው ይለቅ ነበር፤ በጽሑፍ። በየሳምንቱም ይመለስ ነበር፤ ምሳ ሲደርስ።

አንድ ቅዳሜ ሽሮ ሳቀርብላቸው ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ።

«ሁሉም ኋላ ነው የተቀመጠው» አልኩ። «የሚነዳው ማነው?»

ሦስቱም አጎንብሰው የሾፌሩን ወንበር አዩ።

«ሾፌር ይቀጠራላ» አለ ሻለቃ።

«ከእናንተ የሚነዳ ጠፍቶ?»

«እትዬ ሙሉሸዋ፣ ሚኒስትር አይነዳም» አሉ ባላምባራስ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው።

ሀብተወልድ ጣራ ጣራውን ያያል። በዚያው ሳምንት ጥሩወርቅ አንድ ዳቦ ቤት ሾፌር እንደሚፈልግ ሰምታ ብትነግረው፣ «በእኔ ማዕረግ?» ብሎ ሁለት ቀን አኩርፏል።

እንግዲህ ሁሉ ነገር ሲሰናዳ፣ ወግ የሚያውቀው ሻለቃ አየለ አንድ ጉድለት አገኘ፤ የኬንያ ባለሥልጣን አልተነገረውም! ስለዚህ ሰልፉ ከናይሮቢ ተነሥቶ ሞያሌ እስኪደርስ መንገዱ ነጻ እንዲደረግ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተጻፈ። «አሥራ አራት መኪናና ስድስት ሞተር ብስክሌት ለጉዞ ዝግጁ ሆነው ቆመዋል» ይላል፤ ከሥር የእኔ ቤት አድራሻ። ሀብተወልድ ፈረመበት። ማኅተምም ተመታበት። ማኅተሙም ጎማዎቹም የተቆረጡት ከአንድ ነጠላ ጫማ ነው።

ደብዳቤው የት እንደደረሰ አላውቅም። መልሱ ግን ቤቴ ድረስ መጣ፤ አንድ ኢንስፔክተርና ሁለት ፖሊስ ሆኖ። ጊዜው ኬንያና ደርግ የተዋዋሉበት ነው። ስደተኛ ፖለቲካ ሲሠራ ከተገኘ የመኖሪያ ወረቀቱን ተቀምቶ ወደ ሞያሌ ይሸኛል ይባል ነበር። ከሞያሌ ማዶ ቆሞ የሚጠብቅህ ደግሞ የክብር ዘብ አይደለም።

ጓሮውን ዞሩ። ዶሮ አገኙ። ኢንስፔክተሩ ደብዳቤውን ዘርግቶ፣

«ተሽከርካሪዎቹ የት ናቸው?» አለ። ጥሩወርቅ ናት የምታስተረጉመው።

በአገጬ ጠረጴዛውን አሳየሁት።

አጎንብሶ አየ። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለን ነበር። አንዷን ሞተር ብስክሌት አንሥቶ ጎማዋን በጣቱ አሽከረከረ፤ ቀስ አድርጎ ቦታዋ መለሳት። ከዚያ ቀና ብሎ ሦስቱን ወንዶች ተመለከተ።

«እዚህ ወረቀት ላይ መንግሥት ነን ይላል። ይሄ መንግሥት ነው ወይስ መጫወቻ?»

«እኔ እንግዳ ነኝ» አሉ ባላምባራስ። «ለምሳ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ማክሰኞ ለቅቄያለሁ» አለ ሻለቃ አየለ፣ ከደረት ኪሱ ወረቀት እየመዘዘ። የመልቀቂያ ደብዳቤውን በኪሱ ይዞ የሚዞር ታጋይ ከእሱ በቀር አላየሁም።

ሀብተወልድ ብቻውን ቀረ። ደረቱን ነፍቷል። አፉን ከመክፈቱ በፊት ቀደምኩት።

«ኒ ምቼዞ ቱ፣ ብዋና!» አልኩ፤ ጨዋታ ብቻ ነው ጌታዬ ማለቴ ነው። ስዋሂሊ የተማርኩት ከጎመን ሻጮች ጋር ስጣላ ነው።

«ማማ፣ የፈረመው ራሱ ይናገር» አለኝ ኢንስፔክተሩ።

«ሀብቴ፣ ጨዋታ ነው በለው» አለች ጥሩወርቅ በአማርኛ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የደከምኩበትን?»

«ወረቀትህን ከወሰደብህ ነገ ሞያሌ ነህ። እዚያ መኪና የሚጠብቅህ መሰለህ?»

«ክብሬስ፣ ጥሩዬ?»

«አንተ ከሌለህ ክብርህን ምን ላድርገው? አጥቤ ልተኩሰው?»

ሀብተወልድ አሥራ አራቱን መኪና አንድ በአንድ አየ። ከዚያ፣

«መጫወቻ ነው» አለ።

ኢንስፔክተሩ ጻፈ። መጫወቻ መኪና አሥራ አራት፣ መጫወቻ ሞተር ብስክሌት ስድስት። አማቼ ፈረመ። መንግሥታችን በዚህ ሁኔታ በሕጋዊ መንገድ ተመዘገበ።

ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ዘወር አለና፣

«እጅህ ጎበዝ ነው» አለው። «ትልቁንስ መኪና መንዳት ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ በሁለት ዓመት ውስጥ የተነገረ የመጀመሪያው እውነት እሱ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሀብተወልድ ዳቦ ቤቱ ሄደ፤ ቀጠሩት። ቅዳሜ የዳቦ ዱቄት ጫማው ላይ እንዳለ መጣና ካርቶን ይዞ ጠረጴዛው ዘንድ ቆመ።

«እማማ፣ ጠረጴዛዎን ልልቀቅልዎ» አለኝ።

ከልቤ መረቅሁት። ወንድ ልጅ ከሕልሙ ሲነቃ ማየት ደስ ይላል። እሱ መኪኖቹን አንድ በአንድ እየጠቀለለ ሳለ አንዷን ለይቶ አቀበለኝ።

«ይቺ የእርስዎ ናት። አምስተኛዋ።»

ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጌ አየሁ። ከኋላ ወንበር ላይ ከሰም የተሠራች ሴት ተቀምጣለች። ከጥሩወርቅ ፋሻ የተቆረጠች ነጠላ አጣፍታለች። አፍንጫዋ ሳይቀር የእኔ ነው። ዶቃ እንኳ አስሮላታል፤ ዶቃዬ መመለሱ ነው። ምን እንደምለው ጨነቀኝና፣

«አራተኛዋ ላይስ ማነው ያለው?» አልኩት።

«እህተማርያም ናት።»

«ማን?»

«ባሏ ሻለቃ ነው እኮ፣ እማማ፤ በማዕረግ ቅደም ተከተል...»

«ባሏ ማክሰኞ ለቋል! በፖሊስ ፊት!»

«እማማ፣ መጫወቻ ነው። ራስዎ ነዎት ያሉት።»

«ያቺ ሴት እኔን ቀድማ አዲስ አበባ ትገባለች? በዚያ ወጧ?» አልኩት። «መልሰህ ደርድር። አንዷንም እንዳትነካ። ኮሚቴውም ዛሬውኑ ይሰብሰብልኝ።»

ጥሩወርቅ ጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። ትሳቅ፤ አገር ማዳን ምን እንደሆነ የት ታውቃለች።

ሀብተወልድ ዛሬ በየሰፈሩ ዳቦ ያደርሳል፤ ደህና ነው። ኮሚቴውም አዲስ ሊቀመንበር አለው። ሊቀመንበሯ ፊደል አልቆጠረችም፤ እስከ አራት መቁጠር ግን አያቅታትም። መሪው በቀኝ ይሁን በግራ ግድ የላትም። ሳህኗ አሁንም ጭኗ ላይ ነው።