አያ አንማውና አያ ስማቸው የታረቁ ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩት ከየትኛው ኃጢአት እንደሚመደብ ስላላወቅሁ ነው። «አባቴ፣ የእርቅ ወረቀት ጽፌአለሁ» ብላቸው ምን ቀኖና ይሰጡኛል? «እግዜር ይባርክሽ» ብለው ይሸኙኝ ነበር።

በአገራችን ሰው ሲጣላ ማየት አንወድም። ሁለት ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ሦስተኛው ሽማግሌ ይሆናል። መልካም ባህል ነው፤ ስንት ደም ያደረቀ ባህል ነው። ችግሩ ሽማግሎቻችን መጣላትንና መፎካከርን አይለዩም። እኔ ግን እለያለሁ። ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው። ሕግ ተምሬ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ ነጋዴውንና ሸማቹን ስለ ንግድ ውድድር ሕግ አስተምራለሁ። አሁን የምናዘዘውን ጉድ የሚያከፋውም ይኸው ነው።

ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር፣ የነበረው ወፍጮ አንድ ብቻ ነበር፤ የአያ ስማቸው። አያ ስማቸው እህል ሲፈጩ ውለታ የሚውሉ ይመስላቸዋል። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፀሐይ ላይ ይቆማል። ዱቄቱ ሻከረ ያለች ሴት «እንግዲያው ቤትሽ ገብተሽ በድንጋይ ፍጪ» ትባላለች። በኋላ አያ አንማው የሚባሉ ሰው ከጉንደ ወይን መጥተው ከመንገዱ ማዶ አዲስ ወፍጮ ተከሉ። ተከሉና ዋጋ ቀነሱ። አያ ስማቸውም ቀነሱ። አያ አንማው የቆርቆሮ ዳስ ሠርተው አግዳሚ ወንበር አስቀመጡ። አያ ስማቸው በሳምንቱ ዱቄቱን እቤት ድረስ የሚያደርስ የአህያ ጋሪ አቆሙ። ይባስ ብለው ፈገግ አሉ! ሃያ ዓመት የኖርን ጎረቤቶቻቸው ጥርስ እንዳላቸው ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። እኔ አዳራሽ ለአዳራሽ እየዞርኩ «ውድድር ለሸማቹ ይጠቅማል» እያልኩ የምለፈልፈውን ነገር ከመንገዱ ግራና ቀኝ በዓይኔ አየሁት።

ታዲያ ሰፈሩ ምን አለ? «ሰዎቹ ተጣሉ!» አለ። «የአንድ ደብር ልጆች እንዲህ ሲጠፋፉ ዝም ይባላል?» አለ። እርቅ ሲሸታቸው እንቅልፍ የማይወስዳቸው አጎቴ አለኸኝ ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ተነሡ። እኔንም «የተማርሽው ልጃችን፣ ጽሕፈትሽ ያምራል፤ ነይና ቃለ ጉባኤ ያዢልን» አሉኝ።

እንግዲህ እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ስንት ጊዜ መጨረሻው ድረስ ሄጄ በእግሬ ተመልሻለሁ። አሁን አጎቴን «ይህ ሕግ መጣስ ነው» ልላቸው ነው? አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ሄድኩ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አያ አንማው ድንጋይ ተሸክመው ገቡ። እንደ በደለኛ፣ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ! ምን በድለው? ዋጋ ቀንሰው። አርክሰው በመፍጨታቸው «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» አሉ። አያ ስማቸውም ዓይናቸውን እየጠረጉ «ለእግዚአብሔር ስል ምሬአለሁ» አሉ። አጎቴ ተነሥተው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው መረቁ። ከዚያ ለወንድማማችነታቸው ሲባል ሁለቱም በአንድ ዋጋ እንዲፈጩ፣ አንዱ ሲከፍት ሌላው እንዲዘጋ፣ ዋጋውም ከድሮው ከፍ እንዲል ወሰኑ። እኔም ቁልጭ አድርጌ ጻፍኩ። «የሰላም ስምምነት» የሚለውን ርእስ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ደጅ የቆሙት ሴቶች እልል አሉ። ብሩ ከእነሱ መቀነት ሊፈታ ነው እኮ፤ እልል!

እስቲ ፍረዱ! ከእንግዲህ ዋጋ የሚወስነው ገበያው ነው እያልን ስለ ኢኮኖሚ ማሻሻያ እንናገራለን። ጥሩ። በእኛ ሰፈር ገበያው ማለት ሁለት ሰው ነው። ሁለቱ ሲታረቁ ገበያው ሞተ፤ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጥንም። መንግሥት ዋጋ መተመኑን የተወው እነ አያ ስማቸው እንዲተምኑልን ነው? ከአንድ ጌታ ተላቅቆ ለሁለት ጌታ ማደር ማሻሻያ ይባላል? ውድድሩን የሚጠብቅ ሕግ ከሌለ፣ ኖሮም እንደ እኔ ያለች ዘበኛ ከቆመችበት፣ ነፃ ገበያ ማለት በሩ የተከፈተ ጎተራ ነው።

በሳምንቱ አግዳሚው ወንበር ተነሣ። ጋሪው ጠፋ። ከሁሉ ቀድሞ የጠፋው ግን የአያ ስማቸው ፈገግታ ነው። ያ ድር ያሰረውም አንበሳ አይደለም፤ እትዬ ይታይሽን ነው። እትዬ ይታይሽ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጠላ ሸጠው ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። ብቅላቸውን በአዲሱ ዋጋ ማስፈጨት አላዋጣ ሲላቸው በጀርባቸው አዝለው ከከተማው ዳር ወዳለ ሌላ ወፍጮ መመላለስ ጀመሩ። በክረምቱ ጭቃ ጎንበስ ብለው በመስኮቴ ሥር ሲያልፉ መጋረጃዬን እስብ ነበር። ሦስት ዓመት ሳብኩት። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ የእኔው ግን ነቀዘ።

ባለፈው ሰሞን በቀበሌው አዳራሽ ስልጠና ስሰጥ እትዬ ይታይሽ ከኋላ ተነሡ። ወገባቸውን ይዘው ነው የተነሡት። «ልጄ፣ ሁለት ነጋዴ ዋጋ ቢስማሙ በሕግ ያስጠይቃል ብለሻል፤ በሽማግሌ ፊት ቢስማሙስ?» አሉ። ያው ነው አልኩ። «ድንጋይ ተሸክመው ቢሆንስ?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ያው ነው አልኩ። «ጸሐፊዋስ?» ሲሉ ግን ሰዓቴን አይቼ የሻይ እረፍት ነው አልኩ። ስልጠናው ከተጀመረ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም።

ሻይ ስንጠጣ ተጠጉኝ። ወረቀቱ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት ጽሕፈቴን ለይተውታል ለካ፤ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ማመልከቻ የጻፍኩላቸው እኔ ነበርኩ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብላቸው «ምን ላድርግ ልጄ፣ አንቺ እንደሁ ዓይን አፋር ነሽ፤ በሰው ፊት ባዋርድሽ ትሞችብኛለሽ ብዬ ነዋ» አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ እንዳላፍር ብለው ብቅል ተሸክመዋል! እኔ ደሞዜን እየበላሁ በመጋረጃ ተደበቅሁ፤ እሳቸው ሕጌንም እፍረቴንም ተሸክመው ጭቃ ረገጡ።

በማግስቱ ጠዋት ለመሥሪያ ቤቴ የምሰጠውን አቤቱታ ጻፍኩ። ከአጥፊዎቹ አንደኛው አያ ስማቸው፣ ሁለተኛው አያ አንማው፣ ሦስተኛው አጎቴ፣ አራተኛዋ እኔ። እሱን በቦርሳዬ ይዤ፣ ቢሮ ከመግባቴ በፊት፣ እትዬ ይታይሽን አስከትዬ አያ አንማው ደጅ ሄድኩ። አያ አንማው ነጠላ ያደረግን ሁለት ሴቶች በማለዳ ሲያዩ «ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አሉ። ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ እሳቸውም ያውቃሉ። ቆመን ስንቀር «ምነው፣ ደግሞ ከማን ጋር ልታስታርቁኝ ነው?» አሉ። አጎቴ ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ከአያ ስማቸው ጋር ላጣላዎት ነው የመጣሁት፤ እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም» አልኳቸው።