ክቡር ጆሮ ፕላናር ሲመርጡ

መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። ቀኑን ሙሉ ኮላና የእንጨት ብናኝ ሲነካካ የዋለ እጅ ማዳመጫ አይነካም። ከዚያ ጥቁሩን ሣጥን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አውርደው ሁለቱን መቆለፊያዎች እኩል ጠቅ ያደርጋሉ፤ አንዱን አስቀድመው ሌላውን ቢያስከትሉ ሣጥኑ የሚቀየማቸው ይመስል። ማዳመጫውን እንደ አራስ ልጅ ከሥሩ ደግፈው ያወጡታል። ትራሶቹን በለስላሳ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ያደርጋሉ። ገመዱን መጀመሪያ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ ይሰካሉ። የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ወንበር ላይ ወደተቀመጠው ተረኛ ዞር የሚሉት።

«መነጽር።»

ተረኛው መነጽሩን ያወልቃል። ማዳመጫውን ጭንቅላቱ ላይ ይደፉለታል። በትራሱና በጆሮው መካከል የገባች ፀጉር ካለች በትንሿ ጣታቸው ያስወጧታል። «ዓይንህን ጨፍን» ይሉና ሙዚቃውን ከፍተው፣ ሌባ ጣታቸውን ትከሻው ላይ አሳርፈው ይጠብቃሉ። ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ሲሞላ ጣቷ ጫን ትላለች።

«ሰማህ?»

በየመሥሪያ ቤቱና በየዘመድ አዝማዱ መካከል ሌላው የማይሰማውን የሚሰማ አንድ ሰው አለ። የለም የሚል መሥሪያ ቤት ካለ ገና አልቀጠረውም ማለት ነው። እኛ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ውስጥ ያለው ሰው የአናጺዎቹ አለቃ ናቸው። ክቡር ጆሮ የሚለውን ማዕረግ የሰጣቸው ከጎናችን ያለው በያጅ ነው፤ ማዕረጉ ሲጸድቅ ተቃውሞም ድምፀ ተአቅቦም አልነበረም። ፊት ለፊት ግን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

ክቡር ጆሮ ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ያዳምጣሉ። አንድ ጊዜ እኔ ቤት መጡና ገና ሳይቀመጡ «ፍሪጃችሁ አንድ እግሯ አጥሯል» አሉ። ካርቶን አጥፈው ከሥሯ ወሸቁላት፤ ፍሪጇም እውነትም ዝም አለች። ባንክ ቤት ወረፋ ይዘን ቁጥር የሚጠራው ስፒከር ሲጮህ፣ የራሳቸው ቁጥር አልፎ ሄዶ ጥበቃውን «የቀኙና የግራው ሽቦ ተዘዋውሯል» እያሉ ሲያስረዱ ነበር። ጥበቃው «አባት፣ ተራዎት አለፈ» ቢላቸው «ሽቦው ቢስተካከል መቼ ያልፈኝ ነበር?» አሉት። ከሆስፒታል ሊፍት በአራተኛው ፎቅ ወርደው እስከ ሰባተኛው በእግራቸው ወጥተዋል፤ ምክንያቱ ደግሞ «ላይ ያለው ኩሽኔታ እያለቀሰ እኔ ምን ልሁን ብዬ እሳፈራለሁ?» የሚል ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጆሮ ተራ ማዳመጫ አይሸከምም። ክቡር ጆሮ የሚያዳምጡት በፕላናር ነው። ፕላናር ምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው ምሳው ቀዝቅዞበት ይበላል።

«ተራው ማዳመጫ» ይላሉ ጣውላ አንስተው፣ «ትንሽ ስፒከር ነው። መሃሉን ይመታና ዳሩን ይጎትታል፤ ልክ እንዲህ በመዶሻ መሃሉን ብመታው ጫፉ እንደሚንቀጠቀጠው። ፕላናሩ ግን ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን ነው። ፊትና ኋላው ማግኔት ተደርድሮለት ይወጠራል፤ ሲንቀሳቀስ ሁለመናው ባንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ትልቋ ድምፅ ትንሿን አትውጣትም። ገባህ?»

«ገብቶኛል ጋሼ።»

«ማግኔቱ ግን ይከብዳል። አንገት የሌለው ሰው ፕላናር አይግዛ።» ይህን ሲሉ አንገት አልባ የሆነውን በያጃችንን ነው የሚያዩት።

ትልቁ ፈተና እኛ የወንበሩ ፈተና የምንለው ነው። ፒያኖና ቤዝ ብቻ ያለበት አንድ ዝግ ያለ ቅጂ አላቸው። ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ላይ፣ በስተቀኝ ወደ ኋላ፣ ቤዝ ተጫዋቹ የተቀመጠበት ወንበር ሲጢጥ ይላል። ክቡር ጆሮ በዚህ ብቻ አያበቁም፤ አናጺ ናቸውና የወንበሩን ሕመም ጭምር ያውቁታል። «የኋላ ቀኝ እግሩ ኮላው ለቋል። ክረምት ላይ የተገጣጠመ ወንበር ነው፤ እንጨቱ በደንብ አልደረቀም ነበር» ይላሉ። ወንበሩን አይተውት አያውቁም፤ የት አገር እንዳለም እንጃ። ማዳመጫ ወንበሩን ካሰማ ማዳመጫ ነው፤ ካላሰማ የጆሮ ሹራብ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ተረኛ ሆኜ ስቀመጥ፣ እውነቱን ልናገር፣ የሰማሁት ፒያኖ ነው። ጣቷ ትከሻዬን ጫን ስትል ዓይኔን ገለጥኩ። ፊታቸው የልጃቸውን የፈተና ውጤት የሚጠብቅ አባት ፊት ነበር። «ሰማህ?» አሉ። ምን ልበል? «ሰማሁ ጋሼ» አልኩ። ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ የዚያን ቀን ቫርኒሼ ላይ እንኳ እንከን አላወጡብኝም። የወርክሾፓችን ሶፋ ሰፊም እንደኔው ሰማች። በያጁ ደግሞ ነገር አያበዛም ሲባል፣ «ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የሚጮኸው ጋሼ?» ብሎ አረፈው። ክቡር ጆሮ ተገረሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ሁለት ጊዜ ይጮህ ጀመር፤ እኛም ሁለቱንም መስማት ግዴታችን ሆነ።

ያልሰሙ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ ባለቤታቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ጊዜ ማዳመጫውን ቢያደርጉላቸው «ምንም አይሰማኝም፣ ይከብዳል፣ አውልቅልኝ» ብለው ወደ ስፌት መኪናቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ከተረኞች ዝርዝር ወጥተዋል።

አሁን ነገሩ የተበላሸበትን ልንገራችሁ። ክቡር ጆሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከክብ መጋዝ አጠገብ ሲቆሙ የጆሮ መከላከያ አድርገው አያውቁም። «ድምፁን ካልሰማሁ ምላጩ መደነዙን በምን አውቃለሁ?» ነው መልሳቸው። ዘንድሮ ወርክሾፑ ሁላችንንም ለጆሮ ምርመራ ሰደደን። ነርሷ ማዳመጫ አድርጋላቸው «ድምፅ ሲሰሙ ቁልፉን ይጫኑ» አለች። ክቡር ጆሮ ትንሽ ተቀመጡና ማዳመጫውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃሽ ቀኙ አይሠራም። ቀጭኑን ድምፅ አያወጣም።»

ነርሷ ማዳመጫውን ተቀብላ ገለበጠችና የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ አድርጋ መለሰችላቸው። ክቡር ጆሮ እንደገና ተቀመጡ። እኔ በመስታወቱ በኩል አያቸው ነበር። በግራ ጆሯቸው በኩል ድምፅ በመጣ ቁጥር ጣታቸው ቁልፉን ተጫነ። በቀኝ ሲሆን ጣታቸው ዝም አለ። ማዳመጫው ደህና ነበር።

ወደ ወርክሾፑ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ስለ ታክሲው ሞተር አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

በዚያው ሳምንት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ወዳጃቸው ሁለት ፕላናር እስከ ቅዳሜ አዋሳቸው፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀለል ያለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይፈርዱ ነበር። አሁን ሐሙስ ደርሶም አልፈረዱም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንንም ቤታቸው ጠሩን፤ እኔን፣ ሶፋ ሰፊዋንና በያጁን። ተራ በተራ ተቀመጥን፤ መነጽር ወለቀ፤ ፀጉር ተገፋ። በከባዱ ሰማን። በቀላሉም ሰማን። በያጁ በሁለቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ሰማ።

ክቡር ጆሮ ቁልፉን ዝቅ አድርገው ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ።

«እንግዲያው የማልሰማው እኔ ብቻ ነኝ» አሉ።

ከባዱን ማዳመጫ አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ሦስት ዓመት ሆነኝ። ያንን ወንበር ከሰማሁ ሦስት ዓመት። ሰማህ ወይ እያልኩ የምጠይቃችሁ ለፈተና መስሏችኋል? አለ ወይስ የለም ብዬ ነው። እናንተ አለ ስትሉኝ፣ እንግዲህ እያረጀሁ ነው እልና ዝም እላለሁ። አንዱ ጆሮ ሄዷል። ሌላው እስኪሄድ የማዳምጥበትን፣ ምናልባት የመጨረሻዬን ዕቃ ነው የምመርጠው። ባልሰማሁት ነገር እንዴት ልምረጥ?»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ባለቤታቸው መርፌ በከንፈራቸው እንደያዙ በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ መርፌውን አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩት።

«ማነው የሰማው? እስቲ አንተ ቀቢው፣ ማርያምን በል! ምን ሰማህ?»

«ፒያኖ» አልኩ።

«አንቺስ?»

«እኔማ» አለች ሶፋ ሰፊዋ፣ «እሳቸው ደስ ሲላቸው ደስ ይለኛል።»

«አንተ አንገት የለሹ?»

በያጁ መሬት መሬት እያየ «ሁለተኛውን እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለ።

ክቡር ጆሮ ብድግ አሉ። «ሁለተኛውን! እኔ ስለዚያ ሁለተኛ ሲጢጥታ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ! አሁን ያለኝንስ ማዳመጫ የመረጥኩት በናንተ አይደለም እንዴ? በናንተ ቅጥፈት ነዋ የተሸከምኩት!»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ ባለቤታቸው። «ከሦስት ዓመት ጀምሮ በቀኝህ ስጠራህ ትደርቃለህ። ኩራት መስሎኝ ነበር። በል ተነሥ፣ እኔ ልቀመጥ።»

እዚህ ላይ በክቡር ጆሮ ውስጥ ያለው ባለሙያ ተመለሰ። ሁለቱን ማዳመጫዎች በድምፅ መጠን እኩል እስኪሆኑ ቁልፉን ሲያስተካክሉ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ «ጮክ ያለ ሁሉ የተሻለ ይመስላል፣ ሰውም ቢሆን» እያሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነገሯቸውም። እጃቸውንም ከጀርባቸው አጣመሩ፤ ጣቷ ትከሻ ላይ እንዳትሄድ።

መጀመሪያ ከባዱ። ዜማው አለቀ። «ምንም» አሉ ባለቤታቸው።

ቀጥሎ ቀላሉ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ድንገት የሴትዮዋ ቅንድብ ተነሣ።

«ወንበር ነው?»

«በየት በኩል?» አሉ ክቡር ጆሮ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል።

«በቀኝ። ወደ ኋላ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«እንዴት ይላል? ንገሪኝ።»

አሰቡ። «ልጁን ያስተኛ ሰው በሩን ቀስ ብሎ ሲዘጋ እንደሚለው። እንዳይሰማበት እየፈራ።»

ክቡር ጆሮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ነው» አሉ። «እሱ ራሱ ነው።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እኛም የቤቱን ጣሪያ ማድነቅ ያዝን።

ባለቤታቸው ግን ለለቅሶ ጊዜ የላቸውም። ማዳመጫውን አወለቁና «ታዲያ ምን ቸገረህ? ደህናው ግራው ነው። ገልብጠህ አድርገው» አሏቸው።

«ምን?»

«የቀኙን በግራህ።»

እንደዚያ የደነገጡበት ቀን የለም። «አንቺ ሴት! ቀኝ ተብሎ ተጽፎበት? የተቀዳውን ሁሉ አዙሬ? ፒያኖው የቤዙን ቦታ ይዞ? ነውር ነው!» ሠላሳ ዓመት በሙያው የኖረ፣ ስለ ሽፋኑ ውፍረት፣ ስለ ማግኔቱ አደራደር ምሳ የሚያቀዘቅዝ ሰው፣ ማዳመጫ ተገልብጦ ሊደረግ እንደሚችል አንድ ቀን አስቦ አያውቅም። ነርሷ በዓይናቸው ፊት ገልብጣው እንኳ!

«ጫማ መሰለህ?» አሉ ባለቤታቸው፤ ማዳመጫውን ገልብጠው ጭንቅላታቸው ላይ ደፉላቸው።

ተገልብጦ ሲደረግ ትራሱ አልገጠመም፤ ክቡር ጆሮ በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዙት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰዓቱን በያጁ ያዘ። ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ሲሞላ ማንም ምንም አልነካቸውም፤ ከንፈራቸው ግን ተላቀቀ።

«ኮላው ለቋል» አሉ። «ክረምት ላይ ነው የገጣጠሙት።»

ቀላሉን ፕላናር ያዙ። ወርክሾፕ ውስጥ አሁን እንደ ብርቱካን የቀላ የጆሮ መከላከያ ያደርጋሉ። ምላጩ ሲደንዝ የሚያዳምጠው እኔ ሆኛለሁ፤ «ደነዘ?» ይሉኛል፤ «እርግጠኛ አይደለሁም ጋሼ» እላለሁ፤ አጥፍተን በጣት እንፈትሻለን። ሥራው ዘግየት ብሏል። እኔም ሳላውቀው ያገሬውን ፍሪጅ ሁሉ ማዳመጥ ጀምሬያለሁ፤ ባለቤቴ «አንተም ያዘህ?» አለችኝ። ያዘኝ። ቢለቀኝ ቅር ይለኛል።

ስለ እሳቸው ልጽፍ መሆኑን ስነግራቸው ሁለት ነገር አሉኝ። አንደኛው «ስለ ትራሱ አትርሳ፣ ሰው ትራስ ይንቃል» የሚል ነው። ሁለተኛውን እንዳለ ላስቀምጠው፤ ለእናንተ ነው፦

«ማዳመጫ ልትመርጡ የፈለጋችሁ ኑ፣ ቤቴ ክፍት ነው። አስቀምጣችኋለሁ፣ አሰማችኋለሁ፣ አልሰለችም። ግን አደራችሁን፤ ሰማችሁ ወይ ስላችሁ፣ ካልሰማችሁ አልሰማንም በሉኝ። አላዝንም። እኔ ደስ እንዲለኝ ብላችሁ አትስሙልኝ።»